ደሴ ላይ የልጆች ስልክ ጉዳይ ለምን በየቤቱ አልፈታ አለ?

ከልጅህ ላይ ስልኩን ቀምተህ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍክበት እንበል። ከዛስ? ልጁ ጫማውን አድርጎ ጎረቤት ይሄዳል፣ እዛ ደግሞ ጓደኛው የአባቱን ስልክ ይዞ ፍሪ ፋየር እየተጫወተ ነው፣ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ሲሞት ለሌላው ያቀብላል፣ ማታ ሲመጣ ምን ስትሰራ ዋልክ ብትለው "ስናጠና" ይልሃል። ቀምተሃል ግን ምንም አልቀነስክም፣ እንደውም ከምታየው ቦታ ወደማታየው ቦታ ነው ያዛወርከው።

አሁን ደሴ ላይ ለቅሶ ቤትም ሂዱ ሰርግ ቤትም ሂዱ ወይ ቡና ላይ ተቀመጡ፣ ወላጅ ሰብሰብ ካለ ከኑሮ ውድነቱ ቀጥሎ ወሬው ይሄ ሆኗል። አንዷ "እኔ ፓተርኑን በየሳምንቱ ነው ምቀይርበት" ትላለች፣ ሌላዋ "እኔ ቤት ዳታ ሚባል ነገር አይሞላም" ትላለች፣ አንዱ አባት ደግሞ "ዱላ ነው መድሀኒቱ" ብሎ ይገላገላል፣ ከዛ ሁሉም ቤቱ ይገባና ነገሩ እዛው ነው። ፓተርኑን ልጁ ስክሪኑ ላይ ከቀረው የጣት ቅባት አይቶ ያወጣዋል (ይሄን ሚያደርግ የሰፈራችን ልጅ አለ፣ ስልኩን ወደ መብራት ዘንበል ያደርግና መስመሩን ያነበዋል፣ ወላሂ እኔ በዚ እድሜዬ አላስበውም)። ዳታ ከሌለ የጎረቤት ዋይፋይ አለ፣ የባለሱቁን ልጅ አባብሎ ፓስወርዱን ማግኘት የአስር ደቂቃ ስራ ነው። እኔ ወላጅ ሰነፈ ሚለውን ስድብ አልቀበልም፣ የደሴ ወላጅ በዚ ጉዳይ ላይ ሲታገል ነው ሚውለው፣ ችግሩ እያንዳንዱ ቤት ብቻውን መታገሉ ነው።

እዚጋ አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2023 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎችን ቲክቶክ ለአራት ሳምንት ለመዝጋት ስንት ይከፈልህ ብሎ ጠየቃቸው፣ በአማካይ ወደ 59 ዶላር አሉ። ቀጥሎ ጥያቄውን ቀየሩት፣ ያንተ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁሉም አንድ ላይ ቢዘጉትስ? እዚጋ ነገሩ ተገለበጠ፣ ሁሉም ይዝጋ እንጂ ራሴ እከፍላለሁ ማለት ጀመሩ፣ በአማካይ 28 ዶላር አካባቢ። በሌላ አባባል ነገሩን ብዙዎቹ አይወዱትም፣ ግን ብቻቸውን ወጥተው መቅረትን ይፈራሉ። አሁን ይሄን ወደኛ ቤት አምጡትና የልጆቻችንን ልቅሶ አስቡት። "ሁሉም እኮ አላቸው፣ እኔ ብቻ ነኝ ሌለኝ" ሚለው ነገር ማሳበቢያ ይመስለናል እንጂ ልጁ እውነቱን ነው፣ የክፍል ልጆች በሙሉ ትናንት ማታ የታየውን ቪዲዮ እያወሩ እሱ ብቻ ሳይገባው ሲቀር የሚሰማውን እኛም ልጅ ሆነን ሰፈሩ ቲቪ ያለው ቤት ተሰብስቦ ሲያይ በር ላይ ስንባረር አውቀነዋል።

ስክሪን በራሱ መርዝ ነው ሚሉ አሉ፣ እኔ እዛ ድረስ አልሄድም። የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ቁርጥ ያለ ሰአት ያስቀመጠው ለህፃናት ነው፣ አንድ አመት ላልሞላቸው ጨርሶ አይሆንም፣ ከ2 እስከ 4 አመት ላሉት ከአንድ ሰአት አይለፍ ብሎ። ትምህርት ቤት ለደረሱት ግን በ2020 ያወጣው መመሪያ ሰአት አይቆጥርም፣ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ ሚያወጣ እንቅስቃሴ ያድርጉ፣ ለመዝናኛ ስክሪን ላይ ተቀምጦ መዋልን ቀንሱ ነው ሚለው። የአሜሪካ የህፃናት ሀኪሞች አካዳሚም ድሮ በቀን ሁለት ሰአት ይል የነበረውን በ2016 ለትልልቆቹ ትቶታል። ስለዚ ስንት ሰአት አየ ብሎ ከመጨቃጨቅ ስልኩ ምኑን ወሰደበት ብሎ መጠየቁ ይሻላል።

አንደኛ እንቅልፉን። ከ6 እስከ 12 አመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰአት መተኛት አለበት። ጠዋት 12 ሰአት ሚነሳ ልጅ ቢያንስ ማታ 3 ሰአት ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል ማለት ነው፣ እስቲ በየሰፈራችሁ ማታ 4 ሰአት ተኩል ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ስንት ስክሪን እንደሚበራ አስቡት፣ የደሴ ብርድ ደግሞ ለዚ ይመቻል፣ ልጁ ተሸፋፍኖ ተኛ ብለህ በር ትዘጋለህ። ጠዋት አንደኛ ፔሬድ ላይ ሚያንቀላፋውን አስተማሪው ነው ሚያውቀው።

ሁለተኛ አይኑን። ይሄ ብዙ ሰው ማያወራው ግን በጣም ደህና ማስረጃ ያለው ነገር ነው። ቻይና ጓንጁ ከተማ ውስጥ በ12 ትምህርት ቤቶች የአንደኛ ክፍል ልጆች ላይ የተሰራ ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው የታተመው፣ በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች በየቀኑ 40 ደቂቃ ውጪ ሜዳ ላይ ሚደረግ ክፍለ ጊዜ ተጨመረላቸው፣ ወላጆችም ከትምህርት ሰአት ውጪ ልጆቹን ደጅ እንዲያወጧቸው ተመከሩ። ከሶስት አመት በኋላ ሩቅ ያለውን አጥርቶ ማየት ያቃታቸው ልጆች ውጪ በወጡት 30.4 ከመቶ፣ ባልወጡት 39.5 ከመቶ ሆኑ። ከሃኪም ቤትም ከመነፅርም በፊት ፀሀይ ላይ መውጣት ብቻ ይሄን ያህል ለውጥ አመጣ፣ እኛጋ ደግሞ ፀሀይ በነፃ ነው።

በነገራችን ላይ ልጅን ሁሉ "ሱሰኛ ሆኗል" ማለት ተለምዷል፣ እሱም ይቅር። የአለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታ መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል፣ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮም ስራ ላይ ነው፣ ግን መስፈርት አለው፣ መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከምግብም ከትምህርትም ሲያስቀድመው፣ እየጎዳው እያየ ሲቀጥልና ይሄ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ አመት ሲቆይ ነው። ስልክ ሲቀማ ሚጮህ ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፣ ጨዋታው መሀል ነበረ በቃ።

አሁን ወደ ደሴ። ይሄ ከተማ ለልጅ ጨዋታ የተሰራ አይደለም፣ ጦሳና አዝዋ መሀል ተጨምቆ ወደ ላይ ወደ ታች የተዘረጋ ነው፣ ሜዳ ሚባል ነገር ብርቅ ነው፣ ኳሷ ካመለጠች ቁልቁል እስከ ዋናው አስፋልት ድረስ ነው ምትከተላት። ድሮ ሰኞ ማክሰኞ ይዘለልባቸው የነበሩ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ኮብልስቶን ከሆኑ ወዲህ ባጃጅ ሆነዋል። ኮምቦልቻዎች በዚ ይሻላሉ፣ ሜዳም አላቸው ሙቀትም አላቸው፣ ግን እዛም ብሄድ ማየው ያው ነው፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ዛፍ ስር አንድ ስልክ ከበው የተቀመጡ ልጆች።

ከዛ ደግሞ ያሳለፍነው ጊዜ አለ። በኛ አቆጣጠር መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስልክ መማሪያ ነው ተብሎ ቤት ገባ፣ ትምህርቱ በቴሌግራም ይላካል ተባለ፣ ስልክ ልጅ እጅ አይገባም ይሉ የነበሩ ቤቶች ሳይቀሩ ያኔ ተሸነፉ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማው ድረስ መጣ፣ ከዛ በኋላ ልጁን ውጣና ተጫወት ለማለት ልቡ ሚሸከምለት ወላጅ ስንት ነው? ልጅ ቤት ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ስልክ ይዞ ሲቀመጥ የስንቱ እናት ልብ አረፈ፣ እኔ በዛ ማንንም አልፈርድም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የሞባይል ዳታ በክልሉ ለብዙ ወራት ተዘጋ፣ አሁንስ ይላቀቃሉ ብለን ነበር፣ ልጆቹ ግን ሜሞሪ በሜሞሪ፣ ዜንደር በዜንደር ፊልሙንም ጌሙንም ሲቀባበሉ ከረሙ። ዳታ መዝጋት ልጅን ከስልክ እንደማይለይ በትልቁ የተሞከረው እኛ ላይ ነው፣ እቤት ዳታ ባለመሙላት እገላገላለሁ ለሚል ወላጅ ከዚ በላይ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ሌላው ሀገር ሚፃፍ ምክር ፈፅሞ ማይደርስበት አንድ ቤት አለ። እናት አረብ ሀገር ናት፣ ጅዳ ወይ ኩዌት ወይ ቤሩት፣ ልጁ አያቱ ጋ ነው ሚያድገው። ስልኩን የላከችው እናቱ ናት። ማታ በኢሞ ትደውላለች፣ አያትየው ማንበብ አይችሉም፣ ስልኩን ሚያነሳው፣ ካሜራውን ሚያዞረው፣ "እማ ድምፅሽ ይቆራረጣል ዝጊና ድገሚው" ሚለው ልጁ ነው፣ ሃዋላ ገባ የሚለውንም ሚስጥር ቁጥሩንም ሚያነበው እሱ ነው። እዛ ቤት ውስጥ የስልኩ አለቃ ማን እንደሆነ አያከራክርም። እና ለእኚህ አያት ሄደህ "እማማ፣ ልጁን በቀን ከአንድ ሰአት በላይ አያስይዙት" ብትላቸው "የናቱን ፊት ከለክለው?" ይሉሃል፣ መልስ አለህ? እኔ የለኝም። ስልኩ ለዛ ልጅ መጀመሪያ እናቱ ናት፣ ቲክቶኩ ኋላ ተለጥፎ የመጣ ነው።

ግን እዛም ቤት ቢሆን መላ አልጠፋም። አንዳንድ እናቶች እዛው ሆነው ነው ሚቆጣጠሩት፣ የጎግል ፋሚሊ ሊንክ ሚባለው አፕ ወላጅ በራሱ ስልክ የልጁን ስልክ የመኝታ ሰአት ሚዘጋበት፣ አዲስ አፕ ሲጫን ፈቃድ ሚጠየቅበት ነው፣ ርቀት አይገድበውም። ያው መጀመሪያ ሚያስተካክልላት ሰው እዚህ ያስፈልጋታል፣ ለልጁ "እስቲ ራስህን ዝጋ" ማለት አይቻልም። ሌላዋ ቤት ያየሁት ደግሞ ከዚም ቀላል ነው፣ እናትየው ሰአት ቆርጣ ማታ ከመግሪብ በኋላ ብቻ ትደውላለች፣ ስልኩ ቀኑን ሙሉ የጎረቤታቸው እትዬ ጋ ቻርጅ ላይ ይውላል፣ አያትየው "እኔ አልከለከልኩህም፣ ቻርጅ ላይ ነው" ይሉታል። ልጁ አያቱን አይጣላም፣ እትዬን ደግሞ ይፈራል። እቺ መላ ከስንቱ ባለሙያ ምክር ትበልጥብኛለች፣ ሁለት ቤት ስለተስማሙ ነው የሰራችው።

ትምህርት ቤቶችንም ሳንነካ አንለፍ። በተለይ የግሎቹ የወላጅ ስብሰባ ጠርተው "ልጆቻችሁን ከስልክ አርቁ" ብለው ይመክራሉ፣ እዛው ቀን ማታ የቤት ስራው በቴሌግራም ግሩፕ ይመጣል። በፎቶ፣ አንዳንዴ ገልበጥ ብሎ። ልጁ ስልክ ካልያዘ የቤት ስራ አልሰራም፣ ከያዘ ደግሞ ቴሌግራም ውስጥ ከቤት ስራው ቀጥሎ ያለው ቻናል ፊልም ነው። ድሮ ኮሙኒኬሽን ደብተር ሚባል ነገር ነበረ፣ አስተማሪው ይፅፋል ወላጅ ይፈርማል፣ ምን በደለን? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ተማሪ አንዴ በስልክ ከተረበሸ ወደ ትምህርቱ ሙሉ ሀሳቡን ለመመለስ እስከ 20 ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል ይላል፣ የኛ ፔሬድ 40 ደቂቃ ነው፣ ሂሳቡን እናንተ ስሩት። ክፍል ውስጥ ስልክ መከልከሉ ጥሩ ነው፣ አብዛኛውም ይከለክላል፣ ግን ማታውን ራሱ እየከፈተው ቀኑን መዝጋት ግማሽ ስራ ነው። ወተመህ ሚባለው የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት በየትምህርት ቤቱ አለ አይደል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለመዋጮ ነው ሚጠራን፣ አንዴ እንኳ ለዚ ይጠራና የቤት ስራ በደብተር ይሁን ተብሎ ይወሰን፣ ብር አይጠይቅም።

ከመንግስት ህግ ይምጣ ሚሉም አሉ። አውስትራሊያ ከ16 አመት በታች ያሉ ልጆች የሶሻል ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው ያወጣችው ህግ ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ስራ ላይ ነው፣ ሀላፊነቱን በልጁ ላይ ሳይሆን በካምፓኒዎቹ ላይ ነው የጣለችው፣ ጎበዝ ናት። ግን እኛጋ ዕድሜ በምን ሊረጋገጥ ነው፣ ቲክቶክ አሁንም ከ13 በታች አይፈቀድም ይላል፣ የ9 አመቱ ልጅ 1990 ተወለድኩ ብሎ ገብቷል። ለኛ ሚቀርበን ግሬስቶንስ ሚባል የአየርላንድ ትንሽ ከተማ ነው። እዛ በ2023 የስምንት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወላጆች ተሰብስበው ልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃ እስኪገቡ ስማርት ስልክ አንገዛላቸውም ብለው ተስማሙ፣ ህግ የለም፣ ቅጣት የለም፣ በፈቃደኝነት ነው። ቃል የገቡት አንድ ላይ ስለሆነ "ሁሉም አላቸው" ሚለው ልቅሶ ማስረጃ አጣ።

ይሄን ሳነብ ሳቄ ነው የመጣው፣ ምክንያቱም ተሰብስቦ መስማማት ከኛ ሌላ ማን ሊያስተምር ነው? እድር አለን፣ የሴቶች ቡና አለ፣ ሰደቃ አለ፣ ፅዋ አለ፣ ወሎ ላይ ደግሞ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ግቢ ሚኖርበት ቤት ሞልቷል። ልጆቹን ከትምህርት ሰአት ውጪ ሰብስቦ ሚይዝ ተቋምም ተዘጋጅቶ ነው ያለው፣ መድረሳውና ሰንበት ትምህርት ቤቱ። ቁርአን ሚቀራ ልጅ ከአስር ሶላት በኋላ እስከ መግሪብ እጁ ላይ ስልክ የለም፣ መዝሙር ሚያጠናውም እንደዛው፣ ማንም ስክሪን ታይም ብሎ ሳይሰይመው ሲሰራ የኖረ ነገር ነው። ያልተጠቀምንበት እድሩን ነው። እድር ድንኳን ሲቀደድ ይሰበሰባል፣ ለቅሶ ያልመጣ ይቀጣል፣ ልጅ ለሚያድግበት ሰፈር ግን አጀንዳ የለውም።

በኛ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ የተጀመረ ነገር አለ፣ ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም፣ ስምም የለውም። ቡና ላይ ነው የተነሳው፣ አንዷ "የኔ ልጅ ያንቺ ቤት እየመጣ ነው ሚያየው" ብላ፣ ሌላዋ "ያንቺ ልጅ ነው ለኔው ያሳየው" ብላ ሊጣሉ ሲሉ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው ያስቆሟቸው፣ "አብሽሩ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ" ብለው። የተስማሙት ሶስት ነገር ላይ ነው። ማንም ቤት ለመጣ የሰው ልጅ ስልክ አይሰጥም፣ የራስህን ልጅ እንኳ ባትችል ለሌላው አትስጥ ነው። ማታ ከሁለት ሰአት ተኩል በኋላ በየትኛውም ቤት ልጅ ስልክ አይይዝም። ቅዳሜ ከሰአት ደግሞ ግቢው ውስጥ መኪናም ባጃጅም አይቆምም፣ ሜዳው የልጆቹ ነው። ሶስተኛዋ ናት ነገሩን ያዳነችው በኔ ግምት፣ ምክንያቱም ስልኩን ወስደህ በምትኩ ምንም ካልሰጠኸው ልጁ ግድግዳ እያየ ሊቀመጥ አይችልም። መጀመሪያ አካባቢ አቀበት ነበረ፣ ልጆቹ ወጥተው ቆሙ፣ ምን እንጫወት ሚለውን አያውቁትም፣ ሌባና ፖሊስ እንኳ ህጉ ጠፍቷቸው አንዲት አክስት ወርዳ ነው ያስታወሰቻቸው። አሁን የኳሱ ጩኸት ነው ሰው ሚያማርረው፣ መስኮትም ተሰብሯል።

ጌም ቤቶቹ ጋ ያለው ነገር ግን ከዚ ይከብዳል። ትምህርት ቤት አካባቢ ያሉት ፕሌይ ስቴሽን ቤቶች በጨዋታ ነው ሚያስከፍሉት፣ የተሸነፈ ነው ሚከፍለው፣ ስለዚ ልጁ ሚያጠፋው ሰአት ብቻ ሳይሆን ውርርድም እየተማረ ነው። ፖሊስ ይዝጋቸው ማለት ቀላል ነው፣ ግን ሚሰሩት የሰፈር ወጣቶች ናቸው፣ ስራ የለም፣ ከዛች ነው ሚበሉት። ሄዶ ማነጋገር ነው ሚያዋጣው፣ ዩኒፎርም የለበሰ በትምህርት ሰአት አታስገቡ፣ የተሸነፈ ይክፈል ሚለውን ትታችሁ በሰአት አስከፍሉ ማለት። ባለቤቶቹ ሰው ናቸው፣ ሽማግሌ ሲጠይቃቸው ያፍራሉ፣ ግን አንዱ እሺ ብሎ ሌላው እንቢ ካለ እሺ ያለው ደንበኛውን ያጣል፣ እዚጋም ያው የቺካጎው ነገር ነው፣ ወይ ሁሉም ወይ ማንም። ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ግማሽ ቀን ባዶ ስለሆነ ከሰአት ፈረቃው ጠዋት ጌም ቤት ነው፣ ዩኒፎርሙን ቤት ጥሎ።

ስለ ራሳችን ብዙ አልልም፣ ታውቁታላችሁ። አባት እራት ላይ በግራ እጁ ፌስቡክ እየገፋ በቀኝ ይጎርሳል፣ ከዛ ልጁን ስልክህን አስቀምጥ ይላል። የዛ ግቢ ሰዎች እራት ላይ የትልቁም ስልክ ይቀመጥ ሚለውን ሀሳብ አንስተውት ነበር፣ ሳይፀድቅ ቀረ፣ ወንዶቹ ናቸው ያስቀሩት።

ክረምቱ እንዴት እንደሚሆን ደግሞ ገና አልታየም፣ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት የለም፣ የደሴ ዝናብ ደግሞ ሲይዝ ሜዳ ሚባል አይተውም፣ አንድ ሰሞን የአንዱን ቤት ሳሎን በተራ ለልጆቹ እንልቀቅ ሚል ሀሳብ ቀርቧል፣ ሶፋ ያላት ሁሉ ዝም ብላለች።

ያልተፈታው ትልቁ ጭቅጭቅ ግን የ8ኛ ክፍሎቹ ነው። ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናቸው፣ የድሮ ፈተናው ምኑ ሁሉ ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ነው ያለው፣ ወላጆቻቸው ከሁለት ሰአት ተኩሉ ህግ ይውጡልን ብለው አመለከቱ፣ የትንንሾቹ እናቶች ደግሞ አንዱ ከወጣ ሁሉም ይወጣል ብለው እንቢ አሉ። ለጊዜው የተገኘው መፍትሄ አንዷ እናት ፒዲኤፉን እያወረደች ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንት ታስደርጋለች፣ ልጆቹ በወረቀት ይሰራሉ፣ የወረቀቱን ዋጋ በልጅ ቁጥር ነው በቤት ቁጥር ነው ምንካፈለው ሚለው ላይ ግን እስካሁን አልተስማሙም።